በጀት ያስረጃት ልጅ

ልጄ የተወለደችው ግንቦት ውስጥ ነው። ልደታ አልፎ፣ ደመናው መጣሁ እያለ ዝናቡ ግን ገና ያልጣለበት ሳምንት ነበር። ንጉሡ በመስከረም ወረዱ፣ እሷ በዚያው ዓመት ግንቦት መጣች። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እናቷም ታውቅ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና። ወረቀቱ ግን ጃንዋሪ አንድ ይላል። ከእውነተኛው ልደቷ አራት ወር ከምናምን ይቀድማል። የምጽፈው ስለዚህች አራት ወር ነው። የቆጠርኩት ፊደል የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ካላማረ፣ ያምራል አላልኩም።

በቋራ በኩል ሱዳን ገብቼ ገዳሪፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ስደተኛ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ሰዎች መጥተው መዘገቡን። ልጄ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ነበረች። እናቷ ስትሞት እህቴ ናት የወሰደቻት። አስተርጓሚው ጠየቀኝ።

«ሴት ልጅዎ መቼ ተወለደች?»

«ግንቦት።»

«ግንቦት ስንት?»

«ልደታ ካለፈ በኋላ።»

«ስንት ቀን ካለፈ በኋላ?»

«እኔ ስቆጥር የኖርኩት ነዶ ነው፤ ቀን ቆጥሬ አላውቅም» አልኩት።

ከመዝጋቢዋ ፈረንጅ ጋር ተነጋገረና፣ ቀኑ ካልታወቀ የሚጻፈው የዓመቱ መጀመሪያ ነው አለኝ። የእኔንም እንደዚያው ጻፉት። ፈረምኩ። ሲያትል ስገባም ሌላ ወረቀት ላይ ያንኑ አስፈረሙኝ።

እዚህ መጥቼ ነገሩ ቀልድ ሆነ። ዳውንታውን የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ሕንፃ አለ፤ እሱን የሚያጸዳ ድርጅት ቀጠረኝ። አብረውኝ አንዲት ኤርትራዊትና አንድ ሶማሌ ይሠሩ ነበር። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ባለፈ ማግስት አለቃችን ኬክ ይዞ መጣ። ለካ የሦስታችንም ልደት አንድ ቀን ነው። ሶማሌው ኬኩን እያየ «እናታችን ምን ዓይነት ብርቱ ሴት ብትሆን ነው» አለ። ሳቅን፣ ኬኩንም በላን።

የምኖረው ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር፣ ቼሪ መንገድ አጠገብ፣ ከአንድ ያገሬ ሰው ጋር ነበር። አርባ ያለፈው ጴንጤ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። አገር ቤት ገንዘብ ሚኒስቴር፣ በጀት ክፍል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። እኔ ሲከፋኝ «አንተ የበጀት ሰው» እለዋለሁ፤ እሱ በክፉም በደጉም «ጋሼ» ይለኛል። ልጄን የማስመጣበትን ፎርም የሞላልኝ እሱ ነው። የልደት ቀን የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀን ትጎዳዎታለች። ሕጉ ልጅ የሚለው ሃያ አንድ እስክትሞላ ነው። ሃያ አንድ የሞላት ዕለት በእርስዎ መምጣቷ ያበቃል። ክርስትና ከተነሣችበት ደብር ወረቀት ያስመጡና ከአሁኑ እናስተካክለው።»

«ገዳሪፍ ጃንዋሪ ብዬ ፈርሜ፣ እዚህ ግንቦት ልበል? ውሸታም ነው ብለው እኔንም ቢመልሱኝስ?»

«አይመልሱዎትም።»

«አንተ ነህ እነሱ?»

«ፊርማ እኮ ጋብቻ አይደለም ጋሼ፣ ይታረማል።»

«ጋብቻማ ይፈርሳል። ፊርማ ነው የማይፈርሰው።»

ትከሻውን ነቅንቆ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈ። ሦስተኛ ጊዜ ፈረምኩ።

ግትር ነህ ይሉኛል፤ ነኝ። ግን እኔ ከኖርኩበት አገር ነው የተማርኩት። ትናንት ቀበሌ ያለውን ዛሬ የቀየረ ሰው ተጠርቶ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ሲመለስ ግን አላየሁም። የያዙትን ቃል አለመልቀቅ ያድናል ብዬ አምን ነበር።

ፎርሙ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ተፈቀደና ልጄ አዲስ አበባ ኤምባሲ የምትቀርብበት ቀን ተቆረጠ፤ ኖቬምበር አጋማሽ፣ ዘጠና አምስት። ወረቀቷ ላይ ሃያ አንድ ልትሞላ ወር ተኩል ቀርቷታል። በዚያው ዓመት መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ እንድትማር ደርሷት ነበር። «ምን ያደርግልሻል፣ ልትመጪ አይደል ወይ» ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ቀጠሮዋ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራ ሄድኩ። በሩ ላይ የማውቀው ዘበኛ አላስገባኝም።

«ዛሬ ሥራ የለም። መንግሥት ተዘግቷል» አለኝ።

እኔ መንግሥት ሲዘጋ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዱን እዚያው ሆኜ፣ አንዱን ሱዳን ካገኘኋቸው ከሸሹ ወታደሮች አፍ። አላመነታሁም። በአውቶቡስ ተመልሼ ጃክሰን መንገድ ወረድኩ፤ ሁለት ኩንታል ግድም ሩዝ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሻማና ክብሪት ገዛሁና አንድ የምናውቀው ባለ መኪና ለምኜ አስጫንኩ። ቤት ገብቼ የመታጠቢያውን ገንዳ ውኃ ሞላሁት። ባልዲውንም፣ ድስቶቹንም ሞላኋቸው። የበጀቱ ሰው ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ገንዳውን አየ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«መንግሥት ተዘግቷል።»

«ታዲያ ታንክ አዩ እንዴ?»

«ታንክ ኋላ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ውኃ ነው የሚቋረጠው።»

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ግን እንደ ሰው አስረዳኝ። ፕሬዚዳንቱ የአንድ ፓርቲ ነው፤ ምክር ቤቱን የያዘው ሌላው ፓርቲ ነው። በገዛ ቤቱ ድምፁ አንሶ የሚገዛ ሰው ነው አለኝ። ያለ እነሱ ድምፅ እሱ ሳንቲም አያወጣም፤ ያለ እሱ ፊርማም እነሱ አያወጡም። በጀቱ ካልጸደቀ ደግሞ ሕጉ ቢሮውን ዝጉ ይላል።

«የሚጣሉት በምንድን ነው?»

«በብዙ ነገር። አንደኛው የድሆችና የሽማግሌዎች ገንዘብ ነው። ማዕከሉ እያየ ይክፈል ይላል አንዱ፤ ለየስቴቱ በጅምላ ተቆርጦ ይሰጥና ስቴቱ እንደፈቀደ ያድርገው ይላል ሌላው። በጅምላ መቁረጥ ማለት እኔ ነኝ የማውቀው ጋሼ። አሁን አገር ቤትም ለየክልሉ እንዲሁ እየተቆረጠ ነው። አንዴ ከተቆረጠልህ በኋላ አነሰኝ ብትል፣ ተሰጥቶሃል ነው መልሱ።»

«እንዲህ ያለ ገዢ እኛ አገር ቢሆን ሳምንት አይሰነብትም ነበር።»

«እዚህ ይሰነብታል። የማይሰነብተው በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነው» አለ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

የልጄ ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ዋለ። እህቴ ደወለች፤ ኤምባሲው በር ድረስ ሄደው ዘበኛው መልሷቸዋል። «አሜሪካ ገንዘብ አልቆበታል አሉን፤ እውነት ነው ወይ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ታረቁ ተባለና ሁሉም ተከፈተ። ለልጄም አዲስ ቀን ሰጧት፤ ከፈረንጅ ገና አምስት ቀን ቀደም ብሎ። እኔ ደስ አለኝ። የበጀቱ ሰው ግን ፊቱ አልተፈታም።

«ያጸደቁት የዓመት በጀት አይደለም ጋሼ። የወር መቆያ ብቻ ነው የተሰጣጡት።»

«ወሩ መቼ ያልቃል?»

«ከቀጠሮዋ አምስት ቀን በፊት።»

«ታዲያ እስከዚያ ይታረቃሉ።»

«እኔ በጀት ክፍል ስሠራ፣ ሁለት ሰዎች በገንዘብ ተጣልተው በቀኑ ሲታረቁ አላየሁም።»

«አንተ ደግሞ ሟርተኛ ነህ» ብዬ ጮህኩበት። ጴንጤ ሟርት አያውቅም ብሎ ወጣ።

እሱ እንዳለው ሆነ። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ እንደገና ዘጉት። አሁን ሩዝ አልገዛሁም፤ የፊተኛውም አላለቀም። ቀን መቁጠር ያዝኩ። ቀን ቆጥሬ የማላውቀው ሰው ጃንዋሪ አንድ ሊገባ አሥራ አምስት ቀረው፣ አሥራ አራት ቀረው እል ጀመር። በቀጠሮዋ ቀን ልጄ ራሷ ደወለች።

«አባዬ፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። ሲከፈት ኑ ይላል።»

«መቼ ይከፈታል ይላል?»

«እሱን አይልም።»

ከጀርባዋ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ብዙ ሰው እንደሷ ቆሞ እንደነበር ነገረችኝ። አንዱ ለትምህርት ሊሄድ፣ አንዷ ባሏ ጋ ልትሄድ። እነሱ ሲከፈት ይሄዳሉ። በወረቀት እያረጀች የቆመችው እሷ ነበረች።

እኔ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። የበጀቱን ሰው ሥራውን አስተውኩና የስቴቱ መንግሥት እርዳታ ቢሮ ወሰደኝ። እሱ ክፍት ነው። የገና ዛፍ አቁመዋል፣ ሰው ይስተናገዳል። እኔም አንዱ መንግሥት ክፍት ከሆነ ይበቃል ብዬ ነበር። ያነጋገረችን ሴት ደህና ሰው ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«ቪዛ የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ እኛ ስቴት ነን» አለች።

«አገሩ አንድ አይደለም ወይ በላት» አልኩት።

ተነጋገሩ። «አገሩ አንድ ነው፣ ኪሱ ግን ሁለት ነው ትላለች።»

«እንግዲያው ይኼ የተከፈተው ለተዘጋው ይንገርልኛ።»

የበጀቱ ሰው አላስተረጎመውም። «ጋሼ፣ የሚጣሉት እኮ በዚሁ ነው፤ ማን ለማን ያዝዛል በሚለው።»

ሴትየዋ ስንነሣ አንድ ነገር ተናገረች። የእነሱም ግማሹ ገንዘብ ከዚያ ከተዘጋው ነው የሚመጣው፤ እስከ መቼ ክፍት ሆነው እንደሚቆዩ እሷም አታውቅም። እጄን ጨብጣ ሸኘችኝ።

ከዚያ ወደ ምክር ቤት ሰው ቢሮ ሄድን። እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ተወካይ አለው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ሠራተኞች ያስቀምጣል። ወረፋችን ሲደርስ አንዲት ሴት አነጋገረችን። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ተዘግቷል፤ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ከሆነ ግን ጠይቄ ልይላችሁ አለች። ልጅቷ በጠና ታማ ከሆነ ሕክምና ፈልጋ እንደምትመጣ ተደርጎ ሊታይ ይችላል ማለቷ ነው። የበጀቱ ሰው ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ታማለች ልበላት። አንድ ቃል ናት።»

«ልጄ አልታመመችም።»

«አውቃለሁ። ውሸት የእኔም ነፍስ አትወድም፤ ሌላ በር ግን የለም።»

«በአፌ አላሳምማትም።»

«እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እኔ ነኝ የምናገረው።»

«አንተን ጌታህ ይቅር ይልሃል። እኔ በልጄ ላይ ሟርት ጠርቼ ነገ ብትታመም ማንን እከሳለሁ?»

«ታዲያ በጤናዋ እዚያው ትቅር?»

እሱ እንዳይቀድመኝ ብዬ ባለችኝ እንግሊዝኛ ራሴ ተናገርኩ። ልጄ ደህና ናት፣ በሽታ የለም አልኩ። ሴትየዋ ፈገግ አለች፤ ደስ አላት መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ሌላ ሰው ጠራች።

እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ታማለች ብንል ይከፍቱላት ነበር? ላይከፍቱም ይችሉ ነበር። ግን አላወቅሁትም፤ አለማወቄን ያመጣሁት ራሴ ነኝ።

ጃንዋሪ አንድ ሰኞ ዋለ። ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል፤ በመሃል ሁለቱ ወገኖች ክራቫታቸውን አስረው አንዱ አንዱን ሲያማ ያሳያል። ሁለቱም ምሳቸውን የበሉ ይመስላሉ። በዚያ ቀን ልጄ ሃያ ዓመት ከሰባት ወር ሆናት። ወረቀቱ ላይ ግን ሃያ አንድ ሞላች።

በስድስተኛው ቀን፣ ለእኛ ለገና ዋዜማ፣ ተከፈተ። ሥራ ተመለስኩ። ቅርጫቶቹ ውስጥ ሦስት ሳምንት የከረመ የሙዝ ልጣጭ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞቹ ቤታቸው የተቀመጡበትም እንደሚከፈላቸው ሰማሁ። እኛ የኮንትራት ጽዳት ስለሆንን አልሠራችሁም ተባልን። እሱን ብዙም አልተቆጨሁበት።

ልጄ ኤምባሲ ገባች። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ወረቀቷን አይታ፣ ጊዜሽ አልፏል፣ ፋይልሽ ወደ ሌላ ሰልፍ ይዞራል አለቻት። በሳምንት ግድም ነው ያለፈው።

ያን ጊዜ ግትርነቴ ሁሉ ለቀቀኝ። እህቴ ወደ ደብራችን ሰው ላከች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው፤ መዝገቡ ደግሞ ክርስትናዋን ሐምሌ ማለቂያ ላይ ጽፎታል። ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ግንቦት ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይወድቃል። ካህኑ ማኅተም መትቶ ላከው። በየካቲት እጄ ገባ፤ የበጀቱ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር አጠገብ ወዳለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ይዘነው ሄድን። እውነተኛው ልደቷ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል። ጊዜ አለን ብዬ ነበር።

ባለሥልጣኑ ሽበታም ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ፋይል እስከ አገጩ ይደርሳል። የተዘጋበት ጊዜ ሥራ ነው አለን። የእኔን ሦስት ወረቀቶች አወጣና ጎን ለጎን ደረደራቸው። በሦስቱም ላይ ፊርማዬ አለ።

«የዋሹት ያን ጊዜ ነው ወይስ አሁን?» አለኝ።

«በሕይወቴ አልዋሸሁም በለው።»

አስተረጎመለት። ሰውየው አልተቆጣም። እኔ ያመንኩዎት እንደሆነ እንኳ ማረሚያው መጣራት አለበት አለ። በዚህ ክምር ስምንት ወር ይፈጃል።

የበጀቱ ሰው አስተርጉሞ ሳይጨርስ ቆጥሬው ነበር። እውነቱ እስኪጣራ እውነተኛዋም ሃያ አንድ ትሞላለች። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የበጀቱ ሰው፣ ነገርኩዎ አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱ ሰልፍ ያላገቡ ትልልቅ ልጆች የሚጠብቁበት ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ በመሃል ካገባች ይሰረዛል። ዜጋ ብሆን ያጥር ነበር። ሁለት ጊዜ ተፈተንኩ። ሕግ የሚያወጣው ማነው ሲሉኝ ማንም አልቀደመኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍ ሲሉኝ ሁለቴም ወደቅሁ።

ሰልፉን ለልጄ መንገር ነበረብኝ። ደወልኩ።

«ስንት ዓመት አሉህ አባዬ?»

«ሰባት ቢበዛ።»

«ሃያ ስምንት ልሆን ነው።»

«ይደርሳል። ብቻ እንዳታገቢ። ካገባሽ ሁሉም ነገር ውኃ በላው ማለት ነው።»

የስልኩ ካርድ እየቆጠረ ነው።

«ሰው አለ እንዴ?» አልኳት።

«ስለ እኔ የማታውቀው ስንት ነገር አለ፤ ከየቱ ልጀምርልህ?» አለች። በክፋት አልነበረም። ልጅ ሆና ነው የተለየኋት፤ እውነቷን ነው። እኔ ግን «አንቺ ብቻ እሺ በይኝ» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ።

ያን እሺ ይዤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጥኩ። ከዚያ የእህቴ ደብዳቤ መጣ። ልጄ ካገባች አምስት ወር ሆኗታል፤ ልጁ ናዝሬት መካኒክ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ለአንተ መንገር ፈርታ ነው ይላል። የበጀቱ ሰው ነው ጮክ ብሎ ያነበበልኝ፤ እኔ የመጀመሪያው መስመር ላይ ዓይኔ እንቢ ብሎኝ ነበር።

«ለቢሮው ማሳወቅ አለብን ጋሼ» አለኝ በሳምንቱ። «ካላሳወቅን በኋላ ማጭበርበር ይሆናል። ዜግነት ሲያገኙ ላገቡ ልጆችም ሌላ ሰልፍ አለ።»

«እሱስ ስንት ነው?»

«አሥር ዓመት ያልፋል።»

ስልሳ አራት ሆኖኛል። ፎርሙን አምጣ አልኩትና ፈረምኩ።

በዚያው ሰሞን እሷ ደወለች። ደህና ነኝ አለች፤ ደህና ሁኚ አልኳት። ከዚያ ባሏን አቀረበችልኝ። «አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ» ይላል፤ ጨዋ ድምፅ አለው። መመረቅ ነበረብኝ፤ አባት ነኝ። ውለዱ ክበዱ ማለት ነው፤ ከዚያ የሚከብድ ነገር የለውም። ከአፌ አልወጣልህ አለኝ። ባሏ «አባባ፣ ይሰማዎታል?» ይላል። ስልኩን ለበጀቱ ሰው ሰጠሁትና መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲል ሰማሁት። «ጋሼ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቶ ነው እንጂ መርቀዋችኋል።»

ተዘግቶ የነበረው ጉሮሮዬ አልነበረም። ዞሬ ግን ዋሸህ አላልኩትም።